ለስላሳው፣ ጠንካራውና ቦኮላው፦ ሁለት ጆንያ ፖሊስተር ኢላስቶመር ስገመግም

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ፖሊስተር ኢላስቶመር፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ፕላስቲክ፣ ውድ ጥሬ ዕቃ ነው። ለብቻው አቅልጦ አንድ ዓይነት ዕቃ ለመሥራት ብቻ የሚገዛው ሰው ግማሽ ጥቅሙን እዚያው ጆንያው ውስጥ ትቶታል። ዋጋውን የሚመልሰው ሲቀላቀል ነው፤ ለስላሳው ከጠንካራው፣ ወይም ፒቢቲ ከሚባለው ግትር ፕላስቲክ ጋር። ይህ ሁሉ ታዲያ በደንብ ከደረቀ ነው። ማድረቂያ ከሌላችሁ ይህን ግምገማ እዚህ ላይ አቁማችሁ ወደ ሥራችሁ ብትመለሱ አልቀየምም።

እኔ ቃሊቲ ባለች ትንሽ የፕላስቲክ ቤት የኢንጀክሽኑን ክፍል፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ሞልድ ውስጥ በግፊት የሚገባበትን፣ ነው የምመራው። ሁለት ማሽን አለን። ትንሿ ደህና ናት። ትልቁ ግን እኔ ሳልቀጠር በፊት ጡረታ መውጣት ነበረበት። የምንሠራው የመኪና ቦኮላ (በብረት መጋጠሚያ ላይ የሚገባ ላስቲክ)፣ የኬብል መያዣ ክሊፕ፣ የወንበር እግር ጫማ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው። ባልዲና ጀሪካን አንሠራም። ለሱ ሌላ ሰው ሞልቷል።

የገዛሁት ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱም በ25 ኪሎ ጆንያ የመጡ ናቸው። አንዱ ሾር ዲ 40 ነው (ሾር ዲ የጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠነክራል)፤ ሲነኩት ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ሌላው ሾር ዲ 72 ነው፤ እሱ ደግሞ ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ ሲያጥፉት እሺ የሚል ነው። የአምራቹንም የአስመጪውንም ስም አልጠራም። ኋላ የማነሳው ቅሬታ አለኝ።

ስሙ ለማያውቀው፣ የዚህ ቤተሰብ ታዋቂው ልጅ ሀይትሬል ነው። የአሜሪካው ኬሚካል አምራች ዱፖንት በ1972 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አወጣው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የሴላኒዝ ሆኗል። የጃፓኑ ቶዮቦ ፔልፕሬን አለው፤ አውሮፓ ውስጥ አርኒቴል አለ። በሀይትሬል ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሾር ዲውን መጠን ይነግሯችኋል። 4056 ከሆነ 40 ነው፤ 7246 ከሆነ 72። ሌሎቹ አምራቾች የየራሳቸው አጠራር ስላላቸው ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ መግለጫ ወረቀቱን ጠይቁ።

ውስጡ ያለው ነገር ሁለት ነው። ሁለት ዓይነት ሰንሰለት ተቀጣጥሎ አንድ ረጅም ሰንሰለት ሆኗል። አንደኛው ክፍል ፒቢቲ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ይሠራል። ሁለተኛው ለስላሳ ፖሊኢተር ነው። የጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እንጨቱ ቅርጹን ይይዛል፣ ጠፍሩ ይለጠጥና ይመለሳል። እንጨቱ ሲበዛ 72 ይሆናል፣ ጠፍሩ ሲበዛ 40። ይኼኛው አልጋ ግን ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ራሱን ይሠራል። እንደ ጎማ ፋብሪካ በድኝ ማብሰል የለም። ኤሮን የሚባለው የኸርማን ሚለር የቢሮ ወንበር በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መቀመጫው ስፖንጅ አልነበረም፣ መረብ ነበር። መረቡ ውስጥ የሚለጠጠው ክር ከዚሁ ከሀይትሬል የተሠራ ነው።

እንጨቱ ፒቢቲ መሆኑን ያዙልኝ። ከማን ጋር ይስማማል፣ ከማን ጋር ይጣላል የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ ቦኮላው። አንድ የጋራዥ ባለቤት ደንበኛ አሉን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሚኒባስ ታክሲ ነው በብዛት የሚጠግኑት። የኋላ ባሌስትራ ቦኮላ ይዘው መጡ፤ ላስቲኩ ግሪስ ጠጥቶ አብጧል፣ በአንድ ጎኑ ተበልቷል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር አስመረረኝ። አስገባዋለሁ፣ ያልቃል። ከፕላስቲክ አይሆንም ወይ?»

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቂት ጊዜ ይስጡኝና ልሞክርልዎ» አልኳቸው።

ፖሊስተር ኢላስቶመር ዘይትና ግሪስ አያስፈራውም። ለዚህ ነው የመኪና ሰዎች የሚወዱት። የፊት እግር የአክስል ኩፊያ፣ ያ ሽብሽቡ ጥቁር ልብስ፣ ድሮ ክሎሮፕሪን ከሚባል ላስቲክ ነበር የሚሠራው። በብዙ መኪና ላይ ቦታውን የወሰደው ይኸው ዕቃ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው በማግስቱ ኩፊያም ይዘው መጡ። እሱ እንኳ አይሆንም። ኩፊያ በአየር ተነፍቶ ነው ቅርጹን የሚይዘው፤ እኛ ጋ ያለው ኢንጀክሽን ነው። ቅር አላቸው፣ ግን ቦኮላውን ትተውልኝ ሄዱ።

በጠንካራው ብቻ የሠራሁት ቦኮላ አላለቀም። አላለቀም ግን ሾፌሩን አስለቀሰ። ኮብልስቶን ላይ ሲገባ ወገቤን ነቀለው አለ። በለስላሳው ብቻ የሠራሁት ደግሞ ለሾፌሩ ተስማማ፣ ለመኪናው አልተስማማም። ተሳፋሪ ሲሞላ ተጨፍልቆ በጎን በኩል መውጣት ጀመረ። ነገሩ ከቁጥሩ ይታያል። ለስላሳው ሲታጠፍ ያለው ግትርነት ወደ 60 ሜጋ ፓስካል ነው። የጠንካራው ወደ 570 ይጠጋል። ለቦኮላ የምፈልገው መሃል ላይ ያለውን፣ 55 የሚባለውን ደረጃ ዓይነት ነው፤ እሱ 200 አካባቢ ነው።

ታዲያ ለምን 55ቱን ዝም ብለሽ አልገዛሽም ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ የሚሠራ ሰው እሱን ይግዛ፤ ራሱን አያድክም። እኔ ግን አንድ ደንበኛ 45 ይፈልጋል፣ ሌላው 60 ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጆንያ ማስመጣት በዚህ የዶላር ዘመን የሚታሰብ አይደለም። ሁለት ጆንያ ካለኝ መሃል ያለውን ሁሉ ራሴ አወጣዋለሁ።

እኩል በእኩል ስቀላቅላቸው የሾር መለኪያዬ 50ዎቹ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ለስላሳውን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ጋሼ መኪናውን ራሳቸው ነድተው መጡና «ይኼ ነው!» አሉ። ከዚያ በላይ የላቦራቶሪ ውጤት የለኝም።

ውህዱ ግን ተገዝቶ ከሚመጣው 55 ጋር አንድ ዓይነት ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሾሩ ይመሳሰል እንጂ ሲቀልጥ ጠባዩ ሌላ ነው። የእኔ ለስላሳ 150 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ጠንካራው 218 ድረስ ይጠብቃል። ማሽኑን የምታስተካክሉት ታዲያ በዘገየው ነው፤ ካልሆነ ያልቀለጠ ጠንካራ ፍሬ ቦኮላው ውስጥ ነጭ ነጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለስላሳው ደግሞ በዚያ ሙቀት ባሬል (የማሽኑ ማቅለጫ በርሜል) ውስጥ ብዙ መቆየት አይወድም። ትልቁ ማሽናችን ላይ ይህንን በደንብ አየሁት። ባሬሉ ሰፊ፣ ቦኮላው ትንሽ፣ ጥሬ ዕቃው ወረፋ እየጠበቀ ይጠበሳል። ቀለሙ ቢጫ ሆነ፣ ሽታም አመጣ። ወደ ትንሿ ማሽን ስናዛውረው ነገሩ ተስተካከለ። ባሬላችሁንና የምትሠሩትን ዕቃ ክብደት ሳታመዛዝኑ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

ሽታውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ይህ ዕቃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቴትራሃይድሮፉራን የሚባል ተን ይወጣዋል፤ እሳት የሚይዝ ተን ነው። መስኮት ክፈቱ፣ አየር ማውጫ ይኑራችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ባሬሉ ውስጥ የቆየውን በፖሊኤትሊን ግፉና አውጡት እንጂ እንደገና ወደ ሥራ አትሂዱበት።

ማደባለቁ ላይም አንድ ነገር ልበል። ጆንያ ውስጥ ጨምሮ መወዝወዝ ለጅማሬ ያህል ነው። ዋናውን ማደባለቅ የሚሠራው ባሬሉ ውስጥ የሚሽከረከረው ስክሪው ነው። የእኛ ዓይነት ተራ የኢንጀክሽን ስክሪው ደግሞ ለማቅለጥ እንጂ ለማቡካት አልተሠራም። የኋላ ግፊቱን፣ ስክሪው ወደ ኋላ ሲመለስ የሚገጥመውን ግፊት፣ ከፍ ማድረግ ረድቶኛል። በደንብ መደባለቁን ለማየት ጠንካራውን ብቻ ቀድሜ ትንሽ ቀለም እሰጠዋለሁ። ቦኮላው ሲቆረጥ መስመር መስመር ካለው አልተደባለቀም ማለት ነው።

ሞልዱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ለስላሳው የበዛበት ውህድ ይጣበቅበታል፤ አልወጣ ይላል። የእኛን በደቃቅ አሸዋ አስመትተን ላዩን ሻካራ አስደረግነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

አሁን ወደ ፒቢቲ። እዚህ ላይ ነው ዕቃው የማረከኝ።

የኬብል መያዣ ክሊፕ እንሠራለን፤ ሁለት እግር አለው፣ ገፋ ሲደረግ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቀጭ ይላል። ከፒቢቲ ነበር የምንሠራው። ፒቢቲ ግትር ነው፤ ግትርነቱ ከ2,000 ሜጋ ፓስካል በላይ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ጠዋት ብርድ ላይ ሲገፋው ከመቶው ጥቂቱ እግሩ ይሰበራል። ጥቂት ነው፣ ግን ደንበኛ የሚቆጥረው የተሰበረውን ነው። 15 በመቶ ያህል ለስላሳውን ጨመርኩበት። እግሩ ታጥፎ ተመለሰ። ምክንያቱ የዚያ የእንጨቱ ነገር ነው። የኢላስቶመሩ ደረቅ ክፍል ራሱ ፒቢቲ ስለሆነ ከቤተሰቡ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። ለስላሳው ክፍል በፒቢቲው ውስጥ ተበትኖ ይቀመጥና ስንጥቅ ሲመጣ ያስቆመዋል። ምንም የሚያጣብቅ ሦስተኛ ነገር መጨመር አላስፈለገኝም።

ነፃ ግን አይደለም። ግትርነቱ ይወርዳል። ሙቀት ላይ ሸክም የመያዝ አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ሞልዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ትንሽ ረዘመብኝ። ወደ 30 በመቶ ስጠጋ ክሊፑ መሰበሩን ፈጽሞ ተወ፤ መያዙንም ተወ። ኬብሉን ሳብ ሲያደርጉት እየተንሸራተተ ወጣ። ስለዚህ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው የሚጨመረው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሠሩ አንድ ነገር ስሙኝ። የምትገዙት ፒቢቲ እሳት የመቋቋም ደረጃ ያለው ከሆነ፣ ጆንያው ላይ ያለው ደረጃ የጆንያው ነው። ኢላስቶመር ስትጨምሩበት የሚነድ ነገር ነው የጨመራችሁበት። በዚያ ደረጃ ስም መሸጥ አትችሉም፤ ውህዱ ራሱ እንደገና መፈተሽ አለበት። እኔ ክሊፑን ከሚሞቅ ነገር ራቅ ላለ ቦታ ብቻ ነው የምሸጠው፤ ለደንበኛዬም ይህንኑ እነግረዋለሁ።

ቦት ጫማ የሚሠራ ጎረቤት አለን፤ ፒቪሲ ነው የሚጠቀመው። የእኛን ወሬ ሰምቶ መጣ። ችግሩ የታወቀ ነው። ለስላሳ ፒቪሲ የሚለሰልሰው በውስጡ ባለው ማለስለሻ ዘይት ነው። ዘይቱ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ጫማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፖሊስተር ኢላስቶመር ራሱ ረጅም ሰንሰለት ስለሆነ እንደ ዘይቱ ተንጠባጥቦ አይወጣም። ከፒቪሲ ጋርም ይግባባል። ብርድ ላይም እንደተለጠጠ ይቆያል።

እዚህ ላይ ግን ከሁለቱ ጆንያዎቼ የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው። ፒቪሲ ከ200 ዲግሪ ካለፈ ይበሰብሳል፤ የሚወጣው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ ማሽኑንም ሳንባችሁንም ይበላል። ጠንካራው ገና 218 ላይ ነው የሚቀልጠው። ስለዚህ የሚሆነው በ150 የሚቀልጠው ለስላሳው ነው። በእሱ ማሽን ሞከርነው። ሶሉ ያምራል፤ ስታጥፉት ሐር ነው። ከዚያ ሒሳቡን ሠራንና ተሳሳቅን። በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ቦት ጫማ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይገዛል? ይህ ውህድ የሚያዋጣው ዘይት ለሚነካው ቱቦ፣ ወይም ከዜሮ በታች በሚወርድ አገር ለሚዘረጋ ኬብል ነው። ለኛ ጭቃ ዘይቱ ያለበት ፒቪሲ ይበቃል።

ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) እና ፖሊኤትሊንስ? ከዚህ ዕቃ ጋር ሆድና ጀርባ ናቸው። አንድ ደንበኛ ወጪ ለመቀነስ የተፈጨ ፒፒ አምጥቶ «ትንሽ ጣል አድርጉበት» ብሎ ነበር። ሠርተን አሳየነው። ላዩ ያማረ ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ግን እንደ ቅርፊት ተላጠ። አስታራቂ የሚሆን ሦስተኛ ቅመም አለ ይባላል፣ አለም። ግን ርካሽ ለማድረግ ብለን ጀምረን ውድ ቅመም ፍለጋ መሄዱ ምን ይባላል?

ይኸው ነገር በጓሮ በር የሚገባበት መንገድ አለ። ጥቁር ማስተር ባች፣ ማለትም በሌላ ፕላስቲክ ውስጥ የታመቀ የቀለም ፍሬ። ይህ ኢላስቶመር ፀሐይ ላይ ሳይጠበቅ ከቀረ ይጎዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለነው ሰዎች ደግሞ ፀሐዩ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን፤ ስለዚህ ካርቦን ጥቁር መጨመር ተገቢ ነው። ነገር ግን መርካቶ የሚሸጠው ማስተር ባች አብዛኛው ቀለሙ የተያዘው በፖሊኤትሊን ነው። ጥቂት ሲሆን ይታለፋል። ጥቁረቱ እንዲያምር ብላችሁ እፍኝ ስትጨምሩ ግን ያንኑ ሆድና ጀርባ የሆነ ነገር ነው ያስገባችሁት። በፒቢቲ ወይም በራሱ በኢላስቶመሩ የተያዘ ቀለም ፈልጉ።

ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ፕላስቲክ ጋርም ይቀላቀላል፤ ሁለቱም ሲቀልጡ ግን እርስ በርስ ሰንሰለት ይለዋወጣሉ። ማስቆሚያ ካልተጨመረና ጊዜው ከረዘመ ያስገባችሁትና የምታወጡት ነገር ለየቅል ይሆናል። በእኛ ዓይነት ማሽን አልነካውም።

እና ማድረቅ። ያስመረረኝም፣ ለዕቃው ሙሉ ነጥብ እንዳልሰጥ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከውሃ ጋር አብሮ ከቀለጠ ውሃው ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ኢላስቶመሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከክብደቱ 0.1 በመቶ በታች መሆን አለበት። ፒቢቲ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ 0.04 በመቶ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሁለቱን ስትቀላቅሉ የምታደርቁት በፒቢቲው ልክ ነው። ጠንካራውን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ አደርቀዋለሁ። ለስላሳውን በዚያ ሙቀት አላምነውም፤ ፍሬዎቹ እንዳይጣበቁ በ80 አካባቢ ረዘም ላለ ሰዓት አቆየዋለሁ። ሁለቱን ለየብቻ አድርቄ ነው የምቀላቅለው። አንድ ላይ ማድረቅ ሥራ ያቀላል፤ ግን ወይ አንዱ ይርሳል፣ ወይ ሌላው ይጋገራል።

የእኛ ማድረቂያ ተራ ነው። የውጭውን አየር ስቦ አሙቆ ይነፋል። በጋ ላይ ጎበዝ ነው። ክረምት ሲገባ የሚስበው አየር ራሱ እርጥብ ነው፣ ታዲያ በምን ያደርቃል? እርጥበት የሚመጥ ኬሚካል ያለው ማድረቂያ የግድ የሚሆነው ያኔ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የደረቀው ፍሬ አየር ላይ ተከፍቶ ከቆየ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል።

ኦፕሬተሬ ወጣት ነው፣ ታታሪ ነው፣ ግን ይህንን ለማመን ጊዜ ወሰደበት።

«እትዬ፣ ትናንት አድርቄዋለሁ እኮ!»

«ትናንት ማታ ክዳኑን ዘግተኸዋል?»

ዝም።

እርጥብ ሲሆን አንዳንዴ ይታያል። ዕቃው ላይ ብርማ መስመር ይወጣል፣ ውስጡ አረፋ ይኖራል፣ ኖዝሉ ይንጠባጠባል። አስቸጋሪው ግን የማይታየው ነው። ዕቃው ላዩ ያማረ፣ ልኩ የተስተካከለ ሆኖ ይወጣል። ሰንሰለቱ ግን አጥሯል፤ ደንበኛው እጅ ላይ ነው የሚሰበረው። የእኔ ፈተና ቀላል ነው። ከየዙሩ ከዕቃው ጋር የሚወጣውን ተራፊ ግንድ እወስድና ከቀዘቀዘ በኋላ ደጋግሜ አጥፈዋለሁ። ደህና የደረቀው አይሰበርም። ከተሰበረ ማሽኑ ይቆማል። ተራፊውን ፈጭቶ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ከሩብ አላሳልፍም፤ እሱም እንደ አዲሱ መድረቅ አለበት።

ሌላ ድክመት? ሙቅ ውሃ ውስጥ ዕድሜውን ለሚያሳልፍ ዕቃ አትምረጡት፤ ከቀለጠም ካልቀለጠም የውሃና የፖሊስተር ነገር አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ነው የሚለየው። ኃይለኛ አሲድም አይችልም። የባትሪ አጠገብ ዕቃ ሲጠይቁኝ እምቢ ብያለሁ።

አሁን ቅሬታዬ። አስመጪው ዕቃውን ያመጣው በሰዓቱ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ጆንያዎቹ ግን የመግለጫ ወረቀት አልነበራቸውም። ስደውል «እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ፕላስቲክ ነው» አለኝ። የሚቀልጥበትን ዲግሪ ሳላውቅ ምኑን ነው የማስተካክለው? ደጋግሜ ከጠየቅኩ በኋላ በቴሌግራም ላከልኝ። የለስላሳው ጆንያ የውስጥ ሽፋን ደግሞ ተከፍቶ በክር ተሰፍቷል። ናሙና ወስደውበት ይሆናል፣ አልተነገረኝም። ይህ ዕቃ ጥሩ ሽፋን ውስጥ የሚመጣው ለእርጥበት ነው። ስትረከቡ የውስጡን ሽፋን እዩ፣ የምርት ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ፈርሙ።

ዋጋው ያስደነግጣል። የብር ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ከሆነ ወዲህ ማንኛውም የውጭ ጥሬ ዕቃ ያስደነግጣል፤ ይኼኛው ግን ከፒፒ ጋር ሲተያይ እጥፍ ድርብ ነው። ከፒቢቲም በጣም ይበልጣል። ስለዚህ «ትንሽ ጨምሬ ዕቃዬን ላርክሰው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ቦታ የለውም። የሚጨመረው የጎደለ ጠባይ ለመሙላት ነው፦ የሚሰበረው እንዳይሰበር፣ የሚያንኳኳው እንዳያንኳኳ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለስላሳውን ከ5 4 ተኩል እሰጠዋለሁ። ቦኮላውንም ክሊፑንም ያዳነው እሱ ነው። ጠንካራውን 3 ነው የምሰጠው፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሥራው በሌላ ሊሠራ ስለሚችል ነው። አስመጪውን 2።

የሚቀጥለው ትእዛዜ ላይ ጠንካራው የለም። ለስላሳውን ሁለት ጆንያ፣ ከሱ ጋር ፒቢቲ። በዋጋ ከጠንካራው የሚቀለው ፒቢቲ ነው፤ ዘመዳሞችም ናቸው። ለቦኮላው የሚሆነውን መሃል ከነዚህ ከሁለቱ ላወጣው እፈልጋለሁ። ከፒቢቲ ጋር የተቀላቀለው ባሌስትራ ሥር ቀን ከሌት ሲታሽ እንደ አሁኑ ይመለስ እንደሆነ ግን መኪና ላይ ሳይታይ አይታወቅም። ጋሼ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ለሙከራ እሰጥሻለሁ ብለዋል። እስከዚያው የጠንካራው ጆንያ ተራፊ አለኝ፤ የሳቸው ቦኮላ በድሮው ቅልቅል ይቀጥላል።